«በጉ ይታረዳል?»

አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዛሬም ወጣቶች መንገድ ላይ ስታገኙኝ «ጋሼ፣ ለታናሽ እህቴ ምን ላስነብባት?» ትሉኛላችሁ። የመጽሐፍ ስም እንድጠራላችሁ ነው። አልጠራም። ምክንያት አለኝ።

አንድ ቀን ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ መጣች። ፋሲካ ሊደርስ ነበር። ስለ አንድ ልጅና ስለ በጉ የሚያወራ ቀጭን መጽሐፍ አንሥቼ ሰጠኋት። ገለበጠችው፣ ሥዕሉን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ «ጋሼ፣ በጉ ይታረዳል?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። አላነበብኩትማ! ሽፋኑ ያምራል፣ «ለልጆች» ይላል፣ በቃ። «ነገ ነይ» ብዬ ሸኘኋትና ምሳዬን ትቼ አነበብኩት። አርባ ገጽ አይሞላም። በጉ ይታረዳል። ጸሐፊው ደግሞ ችሎበታል፤ ሆዴን አባባው። በማግሥቱ እውነቱን ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «እወስደዋለሁ፤ ድንገት እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው» አለች።

ከዚያ ወዲህ ያላነበብኩትን ለልጅ ሰጥቼ አላውቅም። እናንተም አትስጡ። የልጅ መጽሐፍ በአንድ ማኪያቶ ያልቃል፤ ጊዜ የለኝም አትበሉኝ።

ከፍ ላሉት ሌላ ጣጣ አለ። የአሥራ አምስት ዓመቱን ልጅ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ታሸክሙታላችሁ። በ1958 የታተመ፣ ከ500 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ነው። እኔም እወደዋለሁ። ግን ከእኛ ዘመን ሰው ስንቱ ነው በጆሮው የገባበት! ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው እኮ ሰው ሥራ ይፈታ ነበር። ቅጂው ዛሬ ስልካችሁ ላይ አለ። አንድ ምዕራፍ አሰሙት። ከጣመው መጽሐፉን ራሱ ይጠይቃችኋል። ካልጣመው ተዉት፣ አትጨቅጭቁት።

ደግሞ ምርጫውን ለልጁ ልቀቁለት። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከ2014 ጀምሮ ክፍት ነው፤ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢም አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ልጆች አይጠፉም። ይዛችሁት ሂዱና ራቅ በሉ። ከኋላው ቆሞ «ይሄ ይሻልሃል» የሚል ታላቅ ወንድም ምን ያደርግለታል?

ያቺ ልጅ መጽሐፉን በሦስተኛው ቀን መለሰችው። አገላብጬ አየሁት። በጉ ከሚታረድበት በፊት ያለው ገጽ ጥጉ ታጥፏል። ገጽ የሚያጥፍ አንባቢ አልወድም፣ እቆጣለሁ። ያን ቀን ግን እጥፋቱን ሳልዘረጋ መደርደሪያው ላይ መለስኩት።