አሮጌ የቶዮታ ሞተርሆም ከመግዛትህ በፊት የኋላ ጎማውን እይ

ወንድሜ፣ «ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን፤ የ1984 ቶዮታ ሞተርሆም (ቤት የተሠራበት መኪና) በ9 ሺህ ዶላር አግኝቻለሁ፤ ማይሉ ዝቅተኛ ነው፤ ልግዛው ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ እዚህ ኮሎራዶ ውስጥ የ1985ቱን ስነዳ ስድስት ዓመቴ ነው። በጣም እወደዋለሁ። አንተ ግን ማይሉን ተወውና ከኋላ ጎማው ጀምር።

ሞተሩ አያሳስብህ። 22አር የሚባለው ባለ 2.4 ሊትር የቶዮታ ሞተር ነው፤ ዘይቱን በወቅቱ ከቀየርክለት ዕድሜው ረጅም ነው። ጣጣው ያለው አሠራሩ ላይ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነዳጅ ሲወደድ ሰው ትንሽ ሞተርሆም መፈለግ ጀመረ። ቶዮታ ጋቢናውንና ሻንሲውን ያቀርባል፤ የአሜሪካ ድርጅቶች ከላዩ ቤቱን ይሠሩበታል። ዶልፊንና ሰንሬደር የሚባሉት ሞተርሆሞች የተሠሩት እንዲህ ነው። እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ቀጠለ። ሻንሲው ግን የትንሽ ፒካፕ ነው። እሱ ላይ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሽንት ቤትና የውሃ ታንከር ተጫነበት።

የቀድሞዎቹ ሴሚያስ (የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ጎማውን ከማዞር አልፎ የመኪናውን ክብደትም ይሸከማል። ከኋላ ደብል ጎማ ቢገጠምላቸውም ሴሚያሱ ያው የፒካፑ ነው። ከተሰበረ ጎማው አብሮት ወጥቶ ይሄዳል። በኋላ በመጣው ጠንካራ ዓይነት ግን ክብደቱን የሚሸከሙት ኩሽኔታዎቹ ናቸው። ሴሚያሱ ማዞር ብቻ ነው ሥራው፤ ቢሰበር እንኳ ጎማው ቦታውን አይለቅም። ጉዳዩ ሲታወቅ በሪኮል፣ ማለትም መኪናው ለጥገና ተመልሶ ተጠርቶ፣ የተቀየረላቸው አሉ። ያልተቀየረላቸውም ዛሬ ድረስ ይሸጣሉ።

መለያው ቀላል ነው። የኋላውን ጎማ ቡሎን ቁጠር። ደብል ጎማ ሆኖ ስድስት ቡሎን ካለውና መሃሉ ወፍራም ሆኖ ወደ ውጭ ከወጣ ጥሩ ነው። አምስት ከሆነ ወደ ጠንካራው ዓይነት የመቀየሪያውን ወጪ ከዋጋው አስቀንስ። ሳይቀየር ግን ልጆችህን እንዳታሳፍርበት፣ አደራ።

ቀጥሎ ጣራውን እይ። እኔ የተታለልኩት እዚህ ጋ ነው። ሻጩ ውስጡን አዲስ ቀለም ቀብቶት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት በረዶው ሲቀልጥ ከጋቢናው በላይ ያለው አልጋ ፍራሹ ረጠበ። ግድግዳውን በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደራሰ ዳቦ ገባ። ውስጡ ያለው እንጨት በስብሶ ኖሯል። ቀይሬ ለመጨረስ አንድ ሙሉ በጋ ፈጀብኝ። ስለዚህ ጥግ ጥጉን፣ መስኮቱ ሥር ሁሉ፣ በጣትህ እየተጫንክ እይ። ሰንሬደር ካገኘህ እሱን ምረጥ። ሁለት ትልልቅ የፋይበርግላስ ቅርፊቶች ተገጣጥመው የተሠራ ስለሆነ ውሃ የሚያስገባው መገጣጠሚያ ጥቂት ነው።

ዳገት ላይ ትዕግስት ይፈልጋል። እዚህ ኮሎራዶ ያለው የአይዘንሃወር የመኪና ዋሻ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ የምወጣው በሁለተኛ ማርሽ፣ ከከባድ መኪኖቹ ኋላ ሆኜ ነው። የእኔ ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅለው በካርቡሬተር ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይወርዳል።

ለልጆቹ ደግሞ ቀበቶውን አጣራ። ከኋላ ጭራሽ ቀበቶ የሌላቸው ብዙ ናቸው። የእኛ ትንንሽ እያሉ ባለቤቴ በሌላ መኪና ይዛቸው ትከተለኝ ነበር።

ቦታው ላይ ከደረስክ በኋላ ግን ደስ ይላል። ባለ 18 ጫማው 5.5 ሜትር ገደማ ስለሆነ ተራ ፓርኪንግ ውስጥ ይገባል። ልጆቹ ከጋቢናው በላይ ይተኛሉ፤ ለእኛ ጠረጴዛው ወርዶ አልጋ ይሆናል። ፍሪጁ በጋዝ ይሠራል። መኪናው ካዘመመ ግን በደንብ አያቀዘቅዝም፤ ይህን የተማርነው ዶሮ ወጣችን ተበላሽታብን ነው። አሁን ስንቆም ባለቤቴ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ውሃው ልክ እስኪሆን እኔ ከጎማው ሥር ጣውላ አስገባለሁ። ከዚያ ጀበናው ይጣዳል።

ልታየው ስትሄድ የኋላውን ጎማ በቅርብ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፈው፤ ቡሎኑን አብረን እንቆጥራለን።