ስለ ሃይድራንጃ ጠይቁኝ፦ ከደሴ ግቢ

ሰላም ጀመዓው። ደሴ ነኝ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር። ሃይድራንጃ የምትባለውን አበባ ማሳደግ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። አሁን ግቢዬ ውስጥ 9 ሥር አሉኝ፤ የገደልኳቸው ግን ከዚያ ይበልጣሉ። ባለፈው ሰሞን የሰማያዊዋን ፎቶ ያየ ሁሉ ጥያቄ ስላዘነበብኝ፣ ለየአንዳንዱ ከምመልስ ብዬ ቡናዬን አቅርቤ ቁጭ ብያለሁ። እስከ በረካው ድረስ አለሁ፣ ጠይቁ።

ከኮምቦልቻ፦ እትዬ፣ ከእርስዎ ግቢ ቆርጬ የወሰድኳት ሰማያዊ ነበረች። እኔ ጋ ስታብብ ሮዝ ሆና ቁጭ! ዝርያው ተቀየረ እንዴ?

አብሽሪ የኔ ዓለም፣ ያችው ናት። ቀለሙ የሚመጣው ከአፈሩ ነው። አሉሚኒየም የሌለበት አፈር የለም ማለት ይቻላል፤ ነገሩ ሥሯ ያገኘዋል ወይ ነው። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን፣ የአሲድነቱ መለኪያ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ፣ አሉሚኒየሙ ይሟሟና ከውሃው ጋር ወደ ላይ ይወጣል። አበባዋ ውስጥ ካለው ማቅለሚያ ጋር ሲጣመር ሰማያዊ ይሰጣል። ኖራ የበዛበት አፈር ላይ ግን እንደታሰረ ይቀራል፣ አበባዋም ሮዝ ትሆናለች። በሁለቱ መካከል ያለ አፈር ሐምራዊ ወይም ዝንጉርጉር ያወጣል። ነጭ ዝርያ ከሆነች ግን ምንም ብታደርጊ ነጭ ናት።

የኔን ልንገርሽ። በሩ አጠገብ ያለችው አንድ ሥር ሆና ሁለት ቀለም ታወጣለች፤ በመንገዱ በኩል ሰማያዊ፣ በግንቡ በኩል ሮዝ። መጀመሪያ ያየኋት ዕለት ልጆች ቀለም የረጩባት መስሎኝ ስቆጣ ዋልኩ። ለካ ዝናብ በመታው ቁጥር ከሲሚንቶው ውስጥ ኖራው እየታጠበ ወደ ሥሯ ይወርዳል። አንቺም አዲስ ከተለሰነ ግድግዳ ሥር ተክለሻት እንዳይሆን። ወይም የምድጃ አመድ የምትደፊው እዚያው ይሆናል፤ አመድም የኖራን ሥራ ነው የሚሠራው።

እሷው ተመልሳ፦ የአመዱን ነገር እንዴት አወቁብኝ! ታዲያ እንዴት ልመልሳት? ጎረቤቴ የዛገ ሚስማር ቅበሪ አለችኝ። የቡና አተላ የሚሉም አሉ።

ሚስማር ብረት ነው፣ እሷ የምትፈልገው አሉሚኒየም። የልጅ እግር ከመውጋት በቀር ጥቅም የለውም። የቡና አተላ አፈር ያለሰልሳል፣ እኔም እደፋለሁ፤ ግን ሲፈላ አሲዱ አብዛኛው ከምንጠጣው ቡና ጋር ስለሚሄድ ቀለም ይቀይራል ብለሽ አትጠብቂ።

የሚሠራው አሉሚኒየም ሰልፌት ነው፣ ውሃ ለማጣራት የሚጠቀሙበት። በ4 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ታሟሚያለሽ፤ መጀመሪያ መሬቱን በንጹሕ ውሃ ታርሺና ከዚያ ሥሯ ዙሪያ ታፈሺዋለሽ። በ3 ሳምንት አንዴ ይበቃል፣ አበባ ከመያዟ በፊት ባሉት ወራት። «ትንሽ ልጨምር» ያልሽ ዕለት ሥሯ ይቃጠላል፤ አንዷን የገደልኳት በዚሁ ነው። ዳፕም ሆነ ኤንፒኤስ ማዳበሪያ አታስጠጊ፣ ፎስፈረሱ አሉሚኒየሙን ይዞ ያስቀረዋል። ደግሞ የፈካው አይቀየርም፤ ለውጡን የምታይው በሚቀጥለው አበባ ነው።

አፈርሽን መፈተሽ ካማረሽ ቆንጠር አድርገሽ ደረቁ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጊበት። ከተንፈቀፈቀ ኖራ አለው። ያኔ ከመሬቱ ጋር ከመታገል ትልቅ ባልዲ ሥሩን በስተሽ፣ ቀይ አፈር ሞልተሽ እዚያ ትከያት። ወይ ደግሞ ሮዟን ውደጃት። ሰው ሁሉ ሰማያዊ ሰማያዊ የሚለው ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ ለእኔ ዓይን የግንቡ በኩሏ ትበልጣለች።

ከሐይቅ፦ እማማ፣ ቀን ቀን ቅጠሏ ጥውልግ ይላል፣ ማታ ትነሳለች። በቀን ሁለቴ አጠጣታለሁ፤ ልጨምር?

ኧረ ተው፣ ልታሰምጣት ነው! ቅጠሏ ሰፊ ስለሆነ ቀትር ላይ ሥሯ ከሚስበው ይልቅ በቅጠሏ የሚተነው ይበልጣል፣ ስለዚህ ይንጠለጠላል። ማታ ራሷ ከተነሳች አልተጠማችም። ጣትህን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተት፤ እርጥብ ከሆነ ተዋት። በማለዳም ጠውልጋ ካገኘሃት ነው የሚያሳስበው፤ አፈሩ ደረቅ ከሆነ ጠምቷታል፣ ጭቃ ከሆነ ሥሯ በስብሷል። የጠዋት ፀሐይ እስከ 4 ሰዓት ግድም ያግኛት፣ ከቀትር በኋላ የቤቱ ጥላ ይረፍባት። ባሕር ዛፍ ሥር ግን አይሞከርም፤ ከባሕር ዛፍ ጋር ውሃ ተሻምቶ የረታ የለም።

ከዚሁ ከደሴ፦ ቧንቧው የሚመጣልን በሳምንት አንዴ ነው። ለሰው ያልበቃ ውሃ ለአበባ ስሰጥ ባለቤቴ ይቆጣል። የልብስ እጣቢ ይሆናታል?

ባለቤትሽ እውነቱን ነው። የልብስ እጣቢ ግን አይሆንም፣ ሳሙናው አፈሩን ያበላሻል። ጨው ያልገባበት የሩዝና የአትክልት እጣቢ ስጫት። በየቀኑ አንድ ጣሳ ከመርጨት በሳምንት ሁለቴ 10 ሊትር ቀስ እያልሽ እስኪሰርግ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሯ ወደ ታች ይሄዳል። በላዩ የጤፍ ጭድ ጎዝጉዢ፣ ግንዷን ሳይነካ። ክረምት ላይ ደግሞ ከቆርቆሮው የሚወርደውን በበርሜል ያዢ። የዝናብ ውሃ ኖራ የለበትም፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው የጉድጓድ ውሃ ግን ውሎ አድሮ ሮዝ ያደርጋታል።

ከወገል ጤና፦ እህቴ፣ 3 ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ናት። ውርጭ እንዳይመታት በየዓመቱ ኅዳር ላይ እስከ መሬት ድረስ እቆርጣታለሁ።

አባቴ፣ አበባዋን የሚበላብዎ መቀስዎ ነው። ይህች እኛ ግቢ የበዛችው ማክሮፊላ የምትባለው ናት። የምታብበው ባለፈው ዓመት ባደገው እንጨት ላይ ነው። ክረምቱ አልፎ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ በእንጨቱ ጫፍ ላይ እንቡጡን ትቋጥራለች፤ ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ ከቅጠል እንቡጥ አይለይም። እርስዎ ኅዳር ላይ ሲቆርጡ የመጪውን ዓመት አበባ ነው የሚጥሉት። እሷ ደግሞ በጉልበቷ አዲስ ቅጠል ታወጣለች፣ እርስዎም ተስፋ አድርገው ዓመት ይጠብቃሉ።

እኔ የምገርዘው አበባው እንዳለፈ፣ ቢዘገይ መስከረም አጋማሽ ድረስ ነው። ያረጁትን ሁለት ሦስት ግንዶች ብቻ ከሥር አወጣለሁ፣ ሌላውን አልነካም። የደረቀውን የአበባ ራስ እንኳ እንደ እርስዎ ባለ ብርዳም አገር ውርጩ እስኪያልፍ ተዉት፤ ከሥሩ ላለው እንቡጥ ባርኔጣ ይሆነዋል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ማታ አራት እንጨት ተክለው ጆንያ ወይም አሮጌ ጋቢ ጣል ያድርጉባት፣ ጠዋት ይግለጧት። ፕላስቲክ አይሁን፤ ቅጠሏን የነካበት ቦታ ሁሉ ይመታል። ዩሪያ የሚሰጧት ከሆነም ይብቃት፣ በፍግ ታድራለች።

(ፓኒኩላታ የምትባል ሌላ ዓይነት አለች፣ አበባዋ እንደ ማሽላ ራስ ሾጠጥ የሚል። እሷ በዚያው ዓመት በበቀለው ላይ ስለምታብብ ብትቆረጥም ግድ የላትም።)

ከከሚሴ፦ እኛ ጋ ትሆናለች?

ቅጠሏ ይሆናል፣ አበባዋ ያጠራጥራል። እንቡጥ ለመቋጠር ለሳምንታት ከ18 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ትፈልጋለች። ቡገንቪላ አለልሽ፣ እሷ እኛ ጋ ስትሠቃይ ነው የምትኖር።

ከቦሩ ሜዳ፦ ለዓረፋ የገዛነው በግ ቅጠሏን ሲቀነጥስ ደረስኩበት። ችግር አለው?

አለው። ቅጠሏም እንቡጧም ሆድ ውስጥ ሲገባ ሲያናይድ የሚያወጣ ነገር አለባት፤ ለበግ፣ ለፍየል፣ ለላም፣ ለሰውም አትሆንም። ጥቂት ቀንጥሶ ከሆነ ላይጎዳው ይችላል፤ አርቀህ እሰረውና አስተውለው። መተንፈስ ካስቸገረው፣ ለሃጩ ከበዛ ወይም ከተንገዳገደ ሳትውል ሳታድር የእንስሳት ሐኪም ጥራ። የእኔው አንድ ጊዜ ሙሉ ቅርንጫፍ ጨርሶ ሌሊቱን ሲያቃስት አደረ፣ እኔም አብሬው። ተርፏል። ከዚያ ወዲህ በግ የሚታሰረው በጓሮ ነው።

ከወልዲያ፦ ለእህቴ ኒካሕ ቆርጬ ማሰሮ ውስጥ ብሰካት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠወለገች። አፈርኩ።

ገና ለጋ ሳለች ቆርጠሻት ነው። ስትዳስሺያት ጠንከር ያለችውን ምረጪ፣ በማለዳ ቁረጪና ወዲያው ውሃ ውስጥ ክተቻት። ጫፉን አግድም አድርገሽ እንደገና ቆርጠሽ ከፈላ ውሃ ውስጥ ለ30 ሰከንድ ያህል ንከሪው፤ የውሃ መንገዷን የሚደፍነው ሙጫ ይለቃል። ከጠወለገችም አትጣያት፣ ራሷን ገልብጠሽ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስጠሚያት። አበባ የምንለው ያ ባለቀለሙ ነገር በውነቱ የአበባ ቅጠል አይደለም፣ እንቡጡን ሲያቅፍ የነበረው ሽፋን ነው፤ ዋናዋ አበባ መሐል ላይ ያለችው ፍሬ የምታክል ነገር ናት። ያ ሽፋን ውሃ ይጠጣል።

ያው ከወልዲያ፦ ስሟ በአማርኛ ምንድን ነው?

የራሷ ስም ያላት አይመስለኝም። ሃይድራንጃ ከግሪክ ነው የመጣ፣ የውሃ ዕቃ እንደማለት፤ የፍሬዋ ቅርፅ ማሰሮ ስለሚመስል ነው። አገሯ ጃፓን ነው። የእኔ እናት «ገንቦዬ» ይሏት ነበር፣ ግሪክኛውን ሳይሰሙ፤ ውሃ ስለምትጨርስባቸው።

ከኩታበር፦ ቁራጭ ይሸጣሉ? ስንት ነው?

አልሸጥም። ሐምሌ ላይ ኑ፣ አበባ ያልያዘ እንጨት አንድ ስንዝር ያህል ቆርጬ እሰጣለሁ። የታችኛውን ቅጠል ታነሱታላችሁ፣ የላይኛውን በግማሽ ትቆርጡታላችሁ፣ አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር ውስጥ ትሰኩና በላዩ ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ ትደፉበታላችሁ። በ4 ሳምንት ገደማ ቀስ ብላችሁ ሳብ ስታደርጉት እንቢ ካለ ሥር ይዟል። ሃይላንዱን ግን ይዛችሁ ኑ፣ የእኔ አልቋል።