አገልግሉን ማን ይሸከም ነበር?

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን አራት ሆናችሁ ቤቴ መጥታችሁ፣ «ጋሼ፣ ለቀደሙት የወንጌል አገልጋዮች መታሰቢያ ልናዘጋጅ ነው፤ የዚያን ጊዜ ፎቶ አለዎት?» አላችሁኝ። የለኝም ስላችሁ ፊታችሁ ጠቆር አለ። ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ተነሥታችሁ ሄዳችሁ። ይህን ለእናቶቻችሁ አልነግርባችሁም። ያላስጨረሳችሁኝን ግን በወረቀት ልጨርሰው።

ፎቶ የሌለኝ በደርግ ዘመን ፎቶ በእኛ ላይ ማስረጃ ስለነበረ ነው። ስም የሰፈረበት ደብተርም እንደዚያው። የኅብረታችን ጸሐፊ እኔ ነበርኩ፤ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ለየትኛው ችግረኛ ስንት ብር እንደተሰጠ ባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። በ1970 ዓ.ም አንድ ማታ «ፍተሻ ሰፈር ገብቷል» ሲባል ደብተሩን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። የወረቀቱ ሽታ እንዳያሳብቅ ባለቤቴ በላዩ ቡና ቆላች። ዛሬ «ስንት ነበራችሁ?» ስትሉኝ አሥራ አንድ እላለሁ፤ እሷ አሥራ ሦስት ነበርን ትላለች። የሁለታችንም ማስረጃ አመድ ሆኗል።

ሙያዬን ታውቃላችሁ፣ ሳኒተሪያን ነኝ። ዕድሜዬ ያለቀው ምንጭ በማጎልበት፣ መጸዳጃ በማስቆፈርና ቅጽ በመሙላት ነው። ሰባኪ ሆኜ አላውቅም፤ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቴም ሰው አንቀላፍቷል። ጎንደር የመጣሁት በ1963 ዓ.ም ለጤና ኮሌጁ ተማሪነት ነበር። ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም የተከፈተው የወባ ወረርሽኝ ደምቢያን ከፈጀ በኋላ ነው። ጤና መኮንኑ፣ ኮሚዩኒቲ ነርሷና ሳኒተሪያኑ በአንድ ቡድን ገጠር ወርደው እንዲሠሩ ነበር የምንሠለጥነው። የጌታንም ነገር የሰማሁት እዚያው ዶርም ውስጥ፣ ከላዬ ካለው አልጋ ከሚተኛ ልጅ ነው።

የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴውን መሪዎች ስም ከመጻሕፍት ታገኙታላችሁ። እኔ ዕድሜያቸውን ልንገራችሁ። ከፊንላንድና ከስዊድን የመጡ ሚስዮናውያን በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በር ከፍተዋል፤ ሐዋሳ ላይ በክረምት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ኦማሄ ቻቻ የሚባል ኬንያዊ ወንጌላዊም እዚያ መጥቶ አገልግሏል። ከከተማ ወደ ከተማ ያዳረሱት ግን ተማሪዎች ናቸው። ናዝሬት ላይ «ሰማይ ብርሃን» ተብለው የተሰባሰቡት ተማሪዎች ነበሩ፤ የሐረሮቹም፣ የአዲስ አበባዎቹም እንደዚሁ። በ1959 ዓ.ም የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያንን ካቆሙት መካከል ያሉት እነ ቤታ መንግሥቱ ያን ጊዜ እንደ እናንተ ወጣቶች ነበሩ። ለመመዝገብ ለመንግሥት አመለከቱ፤ ተከለከሉ። በ1964 ዓ.ም ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ለአምልኮ እንደተሰበሰቡ ወደ 250 የሚጠጉ ሰዎች ታፈሱ። ወሬው ጎንደር የደረሰን በጭነት መኪና ሹፌር አፍ ነው።

ደርግ ሲመጣ ለጥቂት ጊዜ ተነፈስን። ከዚያ የባሰ መጣ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት ታሰረ። በ1974 ዓ.ም መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ሕንፃዎቿ ተወረሱ፣ መሪዎቿ ለዓመታት ወህኒ ወረዱ። ስትዘጋ አባሎቿ ወደ 5,000 ነበሩ፤ በ1983 ዓ.ም ከየቤቱ ስትወጣ 34,000 ደርሰዋል። ይህን ቁጥር በየመድረኩ ስትጠቅሱት እሰማለሁ፣ ደስ ይለኛልም። ግን ቁጥሩ በየማን ሳሎን ውስጥ እንዳደገ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ሰባኪው ይመጣል፣ ያስተምራል፣ ሳይነጋ ይሄዳል። ቤቱን የከፈተችው ሴት ግን ጠዋት ከጎረቤት ጋር ትገናኛለች።

እኛ የምንሰበሰበው ከቅዳሜ ገበያ በላይ ባለች አንዲት የጭቃ ቤት ነበር። የቤቷን እመቤት እትዬ እንላቸው ነበር፤ ፊደል አልቆጠሩም። ረከቦቱ ሁልጊዜ ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ ሰው ድንገት ከገባ ቡና እየጠጣን ነው። መዝሙሩን የምንዘምረው በከንፈር ብቻ ነው። በደርጉ አስተዳዳሪ በሻለቃ መላኩ ተፈራ ጊዜ ጎንደር ውስጥ አምስት ሰው አንድ ላይ ከታየ ምን ይባል እንደነበር አያቶቻችሁን ጠይቁ።

ከመካከላችን ሦስት ወንድሞች ታሰሩ። ስንቁን የሚያደርሱት እትዬ ነበሩ፤ አገልግሉን በትከሻቸው አንግተው፣ ሠርግ እንደሚሄድ ሰው ነጠላቸውን አጣፍተው። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ እንጀራውን በእንጨት ይወጋጋዋል፣ ወረቀት ፍለጋ። ከዚያ «ቅመሽ!» ይላቸዋል። እሳቸውም ይቀምሳሉ፤ ቀጥለውም አንድ ጉርሻ ጠቅልለው «በል፣ አንተም ቁርስህን አልበላህ ይሆናል» ይሉታል። መጀመሪያ ተቆጣ። በሦስተኛው ወር እንጨቱን ጣለው።

አገልግሉ ባዶውን ሲመለስ እንጀራው የተሸፈነበት ጨርቅ ጫፍ ላይ ቋጠሮ ይኖራል። ሦስት ቋጠሮ ማለት ሦስቱም ደኅና ናቸው ማለት ነው። አንድ ዓርብ ሁለት ቋጠሮ መጣ። እትዬ ጨርቁን ምንም ሳይናገሩ ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። በማግስቱ ዘበኛውን ጠይቀው መጡ፤ ከሦስቱ አንዱ ልጅ ትኩሳት ይዞታል፣ እስር ቤቱ ቅማል ነው።

በቅማል የሚተላለፈው ተስቦ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። መድኃኒት ነፊውና የዲዲቲው ዱቄት በእኔ መጋዘን ነው ያለው፤ እስር ቤት ማጽዳት ደግሞ የሥራ ድርሻዬ ነው፤ ከኃላፊዬ አንዲት ፊርማ ብቻ ነበር የምትጎድለኝ። «ለምን ዛሬ? ማን ነገረህ?» ብለው ቢጠይቁኝስ ብዬ ፈራሁ። ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። እትዬ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ አገልግሉን አንግተው በመሥሪያ ቤቴ በር ያልፋሉ፣ «እንደምን አደርክ» ይሉኛል። በመጨረሻ ፊርማዋን ጠየቅሁ። ኃላፊዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ፈረመ።

ልጁ ዳነ። የግራ ጆሮው ግን ዳግም አልሰማም። ከተፈታ በኋላ በእግሩ ገጠር ለገጠር እየዞረ እስኪያረጅ አገለገለ፤ «በቀኝ በኩል ተናገሩኝ» ማለት ልማዱ ነበር። እኔ አጠገቡ ስቀመጥ ምንጊዜም በግራው ነበር የምቀመጠው። ለምን እንደሆነ ጠይቆኝ አያውቅም።

ይህን የምጽፍላችሁ መታሰቢያችሁ ላይ እንድታካትቱት ነው፤ ሁለቱን ሳምንትም ጭምር። ስለ ቀደሙት ስትጽፉ ሁሉንም አንበሳ አታድርጓቸው። ከአንድ ሽማግሌ የሰማችሁትን ከሌላ ሁለት ሰው ጠይቁ፤ ካልተስማሙ ሁለቱንም አስቀምጡ፣ እኔና ባለቤቴን ጨምሮ። ስለ ፈውስና ስለ ትንቢት ሲነግሯችሁ በጥሞና ስሙ፤ ከዚያ ግን «ልጆችዎን ማን አሳደገ? ደመወዝ ከየት ይመጣ ነበር?» በሏቸው። ብዙዎቹ ደመወዝ የሚባል አያውቁም። ናዝሬት በሚስዮኑ ሆስፒታል የሠለጠኑት ድሬሰሮች፣ የጤና ረዳቶቹ፣ ቀን ቁስል እያጠቡ ማታ ነበር ወንጌል የሚያስተምሩት። መጠሪያቸውም «ወንድም እገሌ» ብቻ ነው። ዛሬ ፖስተር ላይ «ሐዋርያ»፣ «ነቢይ» የሚለው ከስሙ ገዝፎ ሳየው፣ እውነቱን ለመናገር፣ መነጽሬን አውልቄ ነው የማልፈው።

ሌላም አለ። ከእናንተ አንዱ የእናቱን ጾም ሲያቃልል ሰምቻለሁ። ጎንደር የአርባ አራቱ ታቦት አገር ናት፤ ሚስዮናዊው ሳሙኤል ጎባት መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ እዚህ ከገባ ከ190 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ክርክሩ በእናንተ አልተጀመረም። እትዬ ሲሞቱ ለመቃብር ቦታ ስንት ደጅ እንደጠናን ለብቻው ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል። ድንኳኑን የተከሉት፣ እንጀራውን የጋገሩት፣ ሦስት ቀን ከቤቱ ያልወጡት ግን ማተብ ያሰሩት የዕድር ሴቶች ናቸው። ከእነሱ መካከል ያን ጊዜ ቡና የምንጠጣ አለመሆናችንን የሚያውቁ ነበሩበት። አንዳቸውም አልተናገሩም። የእነሱንም ስም ጻፉ።

ፎቶ ፈልጋችሁ አልነበር? አገልግሉ አለ። የእትዬ የልጅ ልጅ ዘንድ ነው፣ ሳሞና በር አካባቢ። ማንገቻው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ቆዳው ግን ያው የጥንቱ ነው። ለመታሰቢያው አውሽን ብትሏት አትከለክላችሁም። ሽንኩርት ስለምታስቀምጥበት ግን መያዣ ይዛችሁ ሂዱ።