«ቅልጥም ብሰጣት መቅኔዋ ይመለሳል?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰር ይዟት በየ21 ቀኑ ኬሞ ትወስዳለች። ሁለቱን በደህና ጨረሰች። ለሦስተኛው ስንሄድ ደሟ ታየና «ኒውትሮፊሏ 800 ነው፣ ከሳምንት በኋላ ተመለሱ» አሉን። ጎረቤቶቻችን «መድኃኒቱ መቅኔዋን ጨርሶታል፣ ቢቀርባት ይሻላል» ይላሉ። አክስቴ ደግሞ ቅልጥምና ጥሬ ክትፎ እያመጣች «መቅኔዋን ይተካላታል» ትላለች። እኔ የፈራሁት መዘግየቱን ነው። ምን ላድርግ? (ልጇ፣ ከደሴ)

መልስ፦ የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በካንሰር ክፍል በነርስነት 17 ዓመት ሠርቻለሁ። ለኬሞ ተዘጋጅቶ መጥቶ «ደሟ አልደረሰም» ተብሎ የሚመለስ ቤተሰብ እንዴት እንደሚደነግጥ አውቃለሁ።

የእናትሽ መቅኔ አላለቀም። ኬሞ የሚመታው ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሕዋስን ነው። ካንሰሩ እንደዚያ ነው፤ የፀጉር ሥርም እንደዚያ ነው። መቅኔም ቀን ከሌት ደም ሲሠራ ስለሚውል አብሮ ይመታል። ቀድሞ የሚጎድለው ነጭ ደም ነው፣ ዕድሜው አጭር ስለሆነ። ቀይ ደም 120 ቀን ያህል ይኖራል። ኒውትሮፊል የሚባለው፣ ኢንፌክሽን የሚዋጋው የነጭ ደም ዓይነት ግን ደም ውስጥ ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ መቅኔው ለጥቂት ቀናት ሲደክም ወዲያው ያስታውቃል። ብዙውን ጊዜ በጣም የሚወርደው ኬሞው ከተሰጠ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነው። ከዚያ መልሶ ይወጣል። ለአንዳንዱ ሰው 21 ቀን አይበቃውም፣ ጥቂት ቀን ይጨመርለታል። የአንድ ሳምንት መዘግየት የተለመደ ነው፤ የእስካሁኑን ሕክምና ከንቱ አያደርገውም። ጨርሶ ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ከሐኪሟ ጋር እንጂ ከጎረቤት ጋር አትወስኑት።

አሁን አንቺን ካስፈራሽ መዘግየት ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝን ልንገርሽ። ቤታችሁ ቴርሞሜትር አለ? ከሌለ ዛሬውኑ ከፋርማሲ ግዢ። ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወይም ብርድ ብርድ ብሏት ከተንቀጠቀጠች፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጃት። «ይንጋና እናያለን» አትበሉ። ኒውትሮፊል ሲያንስ ኢንፌክሽን ቢገባም መግል ላይታይ፣ እብጠትም ላይኖር ይችላል፤ መግሉን የሚሠራው ራሱ ነጭ ደሙ ነውና። አንዳንዴ ትኩሳት ብቻ ነው ያለን ምልክት። በር ላይ ስትደርሱ «ኬሞ ላይ ናት፣ የመጨረሻውን የወሰደችው በዚህ ቀን ነው» በይ። ተራ እንድትጠብቅ አታድርጊ። በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ሊጀመርላት ይገባል።

ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ አታስተኟት። አንድ አባት ነበሩ። እኩለ ሌሊት ሲያተኩሳቸው ልጆቻቸው ፓራሲታሞል ሰጧቸው። ትኩሳቱ ወረደ፣ ሁሉም ተኛ። ጠዋት ሲያመጧቸው የደም ግፊታቸው ወርዶ ነበር። አላተረፍናቸውም። ልጆቹ ያደረጉት ከፍቅር ነው፣ አስቀድሞ የነገራቸው ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ኬሞ የጀመረ ሰው ቤተሰብ ሁሉ ይህን ከእኔ ሳይሰማ አይወጣም።

ወደ ቅልጥሙ ልመለስ። አክስትሽን አታስቀይሚያቸው። በደንብ የተቀቀለ ቅልጥም ምግብ ነው፣ ትብላው። ግን ሆድ ገብቶ ይፈጫል እንጂ መቅኔዋን አይተካም። ቀይ ሥርም ነጭ ደም አያወጣም። ጥሬ ክትፎው ግን አሁኑኑ ይቁም፤ ለብለቡም ጭምር። ሥጋው እስከ ውስጡ ይብሰል፣ እንቁላሉ ይጠንክር፣ ወተቱ ይፍላ።

ጠያቂ ይምጣ፣ ሰው መድኃኒት ነው። ጉንፋን የያዘው ግን በስልክ ይጠይቃት። የመጣውም እጁን ታጥቦ ይግባ፣ ጉንጭ መሳሙም ለጊዜው ይቅር። ቤተ ክርስቲያን ካማራት ግፊያው ውስጥ ሳትገባ ቅጥሩ ውስጥ ከዛፍ ሥር ተቀምጣ ታስቀድስ።

ሐኪሟ ፊልግራስቲም የሚባል ከቆዳ ሥር የሚወጋ መርፌ ሊያዝላት ይችላል። መቅኔው ኒውትሮፊል እንዲሠራ ይገፋፋዋል። ሁሉም ሰው አያስፈልገውም። ከተወጋች ወገቧንና ዳሌዋን ሊቆረጥማት ይችላል፣ አትደንግጪ። ግን ለሕመሙ ብለሽ በራስሽ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትስጫት፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌቷም ወርዶ ከሆነ ሊያደማት ይችላል። ድዷ ከደማ ወይም ቆዳዋ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ካየሽ ሳትውይ ሳታድሪ ተናገሪ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ምንም ሳያማቸው ኒውትሮፊላቸው በተፈጥሮ ከተለመደው ዝቅተኛ ልክ፣ ከ1,500 በታች የሚሆን ሰዎች እኛ አገር አሉ። በዘር የሚመጣ ነው፣ በሽታ አይደለም። በእስራኤል በሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ላይም ታይቷል። እናትሽ ከመጀመሪያው ኬሞ በፊት የተሠራላት የደም ምርመራ ወረቀት ቤት ካለ ፈልጊውና በቀጠሮው ቀን ይዘሽ ሂጂ። ሐኪሟ የድሮውን ቁጥሯን ካየ 800ውን ከምን ጋር እንደሚያወዳድረው ያውቃል።