«ስቴንት ተደርጎልኛል፤ መቼ ነው የሚወጣው?» ጥያቄና መልስ

በዩሮሎጂ (የኩላሊትና የሽንት መስመር ሕክምና) ክፍል በነርስነት ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከኩላሊት ወደ ፊኛ ሽንት በሚያወርደው የሽንት ቱቦ ውስጥ ስለሚገባው ስቴንት የሚያሳስባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። በራሳችሁ ጉዳይ ላይ የሚወስነው ግን የሚከታተላችሁ ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ ስቴንት የልብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ኩላሊት ጋር ምን ያገናኘዋል?

ስሙ አንድ ቢሆንም ዕቃው ይለያያል። የልቡ ደም ሥር ውስጥ ተዘርግቶ እዚያው ይቀራል። የሽንቱ ለስላሳ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ ለአዋቂ ከ22 እስከ 28 ሴንቲ ሜትር። ሁለቱ ጫፎቹ ይጠቀለላሉ። አንደኛው ኩላሊት ውስጥ፣ ሌላው ፊኛ ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚቀመጥ በቀላሉ አይንሸራተትም። ሐኪሞች «ዲጄ» ሲሉ የምትሰሙት ይህንኑ ነው፤ «ደብል ጄ» ለማለት ነው። ጎኑ ላይ ቀዳዳዎች አሉት። ሽንት በውስጡም በዙሪያውም ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በኩላሊት ጠጠር ሆስፒታል ገብቶ ጠጠሩ ሳይወጣለት ስቴንት ብቻ ተደርጎለት ወጣ። ገንዘባችንን በከንቱ አወጣን ማለት ነው?

አይደለም እህቴ። ትኩሳት ነበረው? ከነበረው ሕይወቱን ያተረፈው ያ ቱቦ ሊሆን ይችላል። ከጠጠሩ በላይ የታቆረ ሽንት በባክቴሪያ ሲመረዝ ኩላሊቱ መግል እንደያዘ እባጭ ይሆናል። መድኃኒት ብቻውን አይበቃውም፤ መውጫ ያስፈልገዋል። በዚያ ሰዓት ጠጠሩን ለመስበር መነካካት ባክቴሪያውን ወደ ደም መግፋት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መንገድ ይከፈታል። ቀጭን ሽቦ ጠጠሩን አልፎ ወደ ላይ ሲገባ፣ በጎኑ የደፈረሰ ሽንት ሲወርድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከዚያ በአንቲባዮቲክ ኢንፌክሽኑ ይጠፋል። ጠጠሩ በሌላ ቀጠሮ ይወጣል። ስቴንቱ አላልፍ ካለ ከጀርባ በኩል በቀጥታ ወደ ኩላሊት ቱቦ ይገባል፤ ኔፍሮስቶሚ ይባላል።

ጥያቄ፦ ከገባልኝ ጀምሮ ሽንት ቤት ተመላላሽ ሆኛለሁ። ስሸና ጎኔን ይወጋኛል፣ ደምም አለው። ቦታውን ለቆ ይሆን?

ብዙ ሰው የጠየቀኝ ይህንን ነው። ብዙውን ጊዜ ቦታውን አልለቀቀም። የታችኛው ጫፍ ፊኛችሁን ውስጡን ስለሚነካካው ፊኛው ሞልቻለሁ ብሎ ያስባል። ጎን ላይ የሚወጋው ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። ፊኛና የሽንት ቱቦ መገናኛ ላይ ሽንት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከላከል አሠራር አለ። ስቴንቱ ያንን በር ክፍት አድርጎ ይይዘዋል። ፊኛው ሲጨመቅ የተወሰነው ሽንት ወደ ኩላሊት ይመለሳል፤ ያ ነው የሚወጋችሁ። አታምጡ፣ ሽንት ይዛችሁ አትቆዩ፤ ይረዳል።

ቀላ ያለ ሽንት በተለይ ብዙ ከተንቀሳቀሳችሁ በኋላ የተለመደ ነው። ውኃ ጠጡ። ሕመሙ ካልቻላችሁት ለሐኪሙ ንገሩት። ታምሱሎሲን የሚባል ለፕሮስቴት የሚታዘዝ መድኃኒት አለ፤ ለስቴንት ሕመምም ብዙዎችን ያቀላል። ሴቶች «ይህ የወንድ መድኃኒት ነው» ብላችሁ አትደንግጡ፣ ለእናንተም ይታዘዛል።

የማይጠበቅ ምልክት ግን አለ። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የረጋ ደም፣ ሽንት እምቢ ማለት፣ ወይም ሳያቋርጥ መንጠባጠብ ካለ በዚያው ቀን ሂዱ።

ጥያቄ፦ ሥራ መሥራት ይቻላል? ግንኙነትስ?

ይቻላል። ሐኪሙ ካልከለከላችሁ፣ የሚያማችሁን ነገር ቀንሱ፣ የማያማችሁን ቀጥሉ። ከታች ስቴንቱ የሚሳብበት ክር የተንጠለጠለላችሁ ግን ክሩ እስኪወጣ ግንኙነት ይቆይ።

ጥያቄ፦ ምንም አያመኝም። ባይወጣስ?

እዚህ ላይ ልለምናችሁ። በሽንት ውስጥ የሚቆይ ማንኛውም ባዕድ ነገር ጨው ይለብሳል። ጠጠር የመያዝ ጠባይ ያለው ሰው ላይ ደግሞ ይፈጥናል። አብዛኞቹ ስቴንቶች ቢበዛ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይወጣሉ ወይም ይቀየራሉ።

አንድ አባት ከ3 ዓመት በኋላ መጡ። ራጁን ብርሃን ላይ ሳደርገው ፊኛ ውስጥ ያለው ጫፍ ዕንቁላል የሚያህል ድንጋይ ሆኗል። «ሕመሙ ሲለቀኝ ዳንኩ ብዬ ተውኩት» አሉን። በጥቂት ደቂቃ ይወጣ የነበረ ነገር ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ጠየቀ። ኩላሊታቸውም ደክሞ ነበር። ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጡ «የሚወጣበት ቀን መቼ ነው?» ሳትሉ አትውጡ። ቀኑን ስልካችሁ ላይ ጻፉት፣ ለቤተሰብም ንገሩ።

ጥያቄ፦ እናቴ የማህፀን ጫፍ ካንሰር አለባት። ስቴንት ተደርጎላትም ክሪያቲኒኗ (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) አልወረደም።

አይዞሽ። ዕጢ የሽንት ቱቦውን ከውጭ ሲጫነው ከጠጠር ይልቅ ያስቸግራል። ስቴንቱ ራሱ ሊጨፈለቅ ይችላል። አልትራሳውንድ ተነሥታ ኩላሊቷ አሁንም ያበጠ ከሆነ ስለ ኔፍሮስቶሚ ጠይቂ። ግፊት የሚቋቋም የብረት ስቴንትም አለ፣ እስከ 12 ወር ይቆያል፤ ግን ሁሉም ቦታ አይገኝም። በኔፍሮስቶሚ ሽንቱ የሚጠራቀምበትን ቦርሳ ተሸክማ መኖር እንደሚከብዳት አውቃለሁ። እሷ ራሷ ምን እንደምትፈልግ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ እርጉዝ ነኝ፤ እስክወልድ ይቆያል?

ይቆያል፣ ግን በእርግዝና ጨው ቶሎ ስለሚለብስ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ መቀየር የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ ሲወጣ ያማል?

ከመግባቱ ይቀላል። ብዙውን ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣ አይሰጥም። የሚያደነዝዝ ጄል ይደረግና በካሜራ ቱቦ ታይቶ፣ ጫፉ ተይዞ ይሳባል። የሚቀፍ ስሜት አለው፣ ወዲያው ያልፋል። ከወጣ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ጎናችሁን ሊቆርጣችሁ ይችላል፤ የሽንት ቱቦው ስለሚኮማተር ነው።

ጥያቄ፦ ከ2 ዓመት በፊት ጠጠር ወጥቶልኛል። ወረቀቱ ጠፍቷል። ስቴንት ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም።

አንድ የሆድ ራጅ ይበቃል። ካለ ከጎንዎ እስከ ፊኛዎ የተዘረጋ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ነገውኑ ይነሡ።