በብርዱ ጻፉ፣ በሙቀቱ ጠብቁ

ልጆቼ፣ ማግኔትና ትራንዚስተር አንድ ቺፕ ላይ ያጣመረ ሜሞሪ ስትነድፉ ዓይናችሁ ቀድሞ የሚያርፈው ማግኔቱ ላይ ነው። አይፈረድባችሁም፣ አዲሱ ነገር እሱ ነው። ብልሽቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሁለቱ ከሚገናኙበት ቦታ ነው።

በአንዱ ሴል (አንድ ቢት በሚይዘው ክፍል) ውስጥ በሁለት የማግኔት ንጣፎች መካከል 1 ናኖሜትር ገደማ የሚሆን የማግኒዥየም ኦክሳይድ ንጣፍ አለ፤ ከሥሩ ትራንዚስተር። ማግኔቶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞሩ ሬዚስታንሱ ያንሳል፣ ሲቃረኑ ይጨምራል። ቢቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ የሚወስነው ዴልታ ነው፤ ማግኔቱን ለመገልበጥ የሚያስፈልገው ጉልበት ለሙቀቱ ጉልበት ሲካፈል። ዴልታ 40 ከሆነ የአንድ ቢት አማካይ ዕድሜ 7 ዓመት ተኩል ያህል ይወጣል። ይበቃል እንዳትሉ፤ 10 ሚሊዮን ቢት ባለው ቺፕ ይህ ማለት በየ24 ሰከንዱ አንድ ቢት ይገለበጣል ማለት ነው። በ60 ግን 1 ቢሊዮን ቢት በ10 ዓመት የሚያጣው 3 ገደማ ነው።

ታዲያ ዴልታ ሲጨምር የመጻፊያው ከረንትም ይጨምራል። ከሥሩ ያለው ኤን-ሞስ ትራንዚስተር (በኤሌክትሮን የሚሠራው ዓይነት) በአንዱ አቅጣጫ ይደክማል፤ መጋጠሚያው (ሁለቱ ማግኔቶችና ኦክሳይዱ) ላይ የሚወድቀው ቮልቴጅ ሶርሱን (ከረንቱ የሚወጣበትን ጫፍ) ከፍ ስለሚያደርገው የጌቱ (የመክፈቻና መዝጊያው ጫፍ) ጉልበት ይቀንሳል። ማግኔቶቹን ከተስማማ ወደ ተቃረነ አቅጣጫ መገልበጥ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ከረንት ስለሚፈልግ፣ ይህን ከባድ ሥራ ትራንዚስተሩ ለሚበረታበት አቅጣጫ ስጡት።

በ25 ዲግሪ ብቻ ሲሙሌት አድርጎ መዝጋት የጀማሪ ስህተት ነው። ማግኔቱ በብርድ ስለሚጠነክር መጻፉን በ40 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ በዝቅተኛ ቮልቴጅና በደካማ ትራንዚስተር ፈትሹ። ማቆየቱንና ሲነበብ አለመገልበጡን ደግሞ በከፍተኛው ሙቀት። የሬዚስታንሱ ልዩነት የሚጠበውም እዚያው ነው፤ የማንበቢያው ቮልቴጅ ሲጨምርም ይጠብባል፣ ስለዚህ ወደ 0.1 ቮልት አካባቢ ቆዩ። የማንበቢያው ማጉያ ትራንዚስተሮች አለመመጣጠን በግማሽ እንዲቀንስ ስፋታቸው 4 እጥፍ መሆን አለበት። ቦታ ይበላል፤ ግን እዚህ ላይ አትሰስቱ።

ሞንቴ ካርሎ (መለኪያዎቹን በዕድል እየቀያየረ የሚደግመው ሲሙሌሽን) 1000 ጊዜ ሮጦ ስህተት አላሳየም? ያረጋገጣችሁት ስህተቱ ከ1000 ከ3 እንደማይበልጥ ብቻ ነው፣ እሱም በ95 በመቶ እርግጠኝነት።

ለ64 ቢት 8 የማረሚያ ቢት ስትጨምሩ አንድ ስህተት ይታረማል፣ ሁለት ስህተት ይታወቃል። ይህን ማረሚያ ለሞቱ ቢቶች አታባክኑት። የተሳሳተውን ቢት መልሳችሁ ጻፉት፤ ከተስተካከለ ተገልብጦ ነበር። ካልተስተካከለ ሬዚስታንሱን ለኩ፤ ከዝቅተኛው መደበኛ ልክ በታች ከወረደ ኦክሳይዱ ተበስቷልና መስመሩን በመጠባበቂያ ረድፍ ተኩት።