ወንዝህ ወዴት ነው የሚፈሰው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም! ከጓደኞቼ ጋር የምንጫወተው ሮል ፕሌይ ጨዋታ አለ፤ እያንዳንዳቸው በምናብ ዓለም ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነው ይጫወታሉ። ዓለሙን የፈጠርኩትም ጨዋታውን የምመራውም እኔ ነኝ። ሦስት ወር ሙሉ ካርታውን በእጄ ስሠራ ከረምኩ፤ ሁለት አህጉር፣ አሥራ አራት መንግሥት፣ የከተማውን ብዛት ተወው። ሳሳያቸው «አሪፍ ነው» ብለው ወደ ጎን አደረጉት፣ ከዚያ ወዲህ ዞር ብሎ ያየው የለም። አንዱ ደግሞ «ወንዞቹ ልክ አይመስሉም» አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን ሊነግረኝ አልቻለም። እንደ አዲስ ልጀምር?

መልስ፦ ሦስት ወር የለፋህበትን እንዳትጥለው! አስቀምጠው፣ ለአንተ ለመሪው በጣም ይጠቅምሃል። ለተጫዋቾችህ ግን ሌላ ካርታ አዘጋጅላቸው፣ ከዚህ በብዙ ያነሰ።

ጨዋታ ላይ ያለ ሰው ካርታ የሚያየው የሚወስነው ነገር ሲኖር ነው። ጫካውን አቋርጠን በሁለት ቀን እንድረስ ወይስ መንገዱን ይዘን በአራት ቀን? አሥራ አራት መንግሥት ዛሬ ማታ ምንም አያስወስንም። አንድ መንደር፣ ከመንደሩ የሚወጡ ሦስት መንገዶች፣ አንድ የተሰበረ ድልድይ፣ ከድልድዩ ማዶ ደግሞ የመንደሩ ሰው ስሙን ማንሳት የማይወደው ኮረብታ ቢኖር ግን ወዲያው ክርክር ይነሳል። ሁሉም ጣቱን ካርታው ላይ አድርጎ «በዚህ!» «የለም፣ በዚህ!» ሲል ያኔ ካርታህ ሥራውን ጀመረ ማለት ነው።

ስፋቱን በእግር ጉዞ ለካው። ሰው በደህና መንገድ በቀን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ተራራና ረግረግ ላይ ግን ግማሹንም ላይሞላ ይችላል። ኤ3 ወረቀት ርዝመቱ 42 ሳንቲ ሜትር ነው። አንዱን ሳንቲ ሜትር 5 ኪሎ ሜትር ብትለው ከዳር እስከ ዳር 210 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ የሰባት ስምንት ቀን መንገድ። ይሄ ለብዙ ወር ጨዋታ ይበቃል። ርቀት መቁጠር ከፈለጋችሁ ባለ ስድስት ጎን ቅርጾችን አያይዘህ አስምርበት፤ ከአንዱ መሐል ወደ ስድስቱም ጎረቤቶቹ መሐል ያለው ርቀት እኩል ነው። በአራት ማዕዘን ከሆነ ግን በሰያፍ የሄደ ሰው ከሌላው 1.4 እጥፍ ያህል ይጓዛል፣ እሱ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ነው።

አሁን ወደ ወንዞቹ። የጓደኛህ ዓይን ልክ ሳይሆን አይቀርም። እንደምገምተው አንዱ ወንዝህ ከባሕር ተነስቶ ባሕር ይገባል፣ ወይም መሐል አገር ላይ ለሁለት ይከፈላል። ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው፣ በቃ። ከከፍታ ይነሳል፣ ገባሮች እየተቀላቀሉት ይሰፋል፣ ከዚያ ባሕር ወይም ሐይቅ ይገባል። ዛፍ አስብ፤ ግንዱ ባሕሩ ጋ፣ ቅርንጫፎቹ ተራራው ላይ። ወንዞች እየተገናኙ ነው የሚሄዱት። መከፋፈል የሚያበዙት መጨረሻ ላይ፣ ደለል ባከማቹበት ዴልታ ነው። በእርግጥ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ካሲኪያሬ የሚባል ወንዝ አለ፣ ከኦሪኖኮ ተገንጥሎ በሪዮ ኔግሮ በኩል አማዞን የሚደርስ፤ ግን እሱ እንዲህ የሚወራለት ብርቅ ስለሆነ ነው። አንተም አንድ እንዲህ ያለ ወንዝ ካማረህ አድርግ፣ አንድ ብቻ ይሁን፣ የመንደሩ ሰውም የሚያወራው ተረት ይኑረው።

ሐይቅ ላይም ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፈለገውን ያህል ወንዝ ሊገባበት ይችላል፣ የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ውሃው ዝቅ ባለው ጠርዝ በኩል ስለሚያመልጥ። ጭራሽ መውጫ ከሌለው ደግሞ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ጨው ባለበት ነጋዴ ይመጣል፣ ነጋዴ በሚያልፍበት ሽፍታ ይሸምቃል፣ አየኸው? ስለ ውሃ እያወራን የሚቀጥለው ሳምንት ጨዋታህ ተገኘ። እኔ ካርታ መሥራት የምወደው ለዚህ ነው።

ተራራው ላይም ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ ወስን። ከባሕር የመጣው ንፋስ ተራራውን ሲወጣ እርጥበቱን ያራግፈዋል፣ ስለዚህ በዚያ በኩል ጫካ፣ ከጀርባው ደረቅ ምድር። ከተሞችህን ደግሞ ወንዝ መሻገሪያ ላይ፣ ሁለት ወንዝ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ወይም መርከብ መጠለያ በሚያገኝበት አስቀምጣቸው።

አሮጌው ካርታ ላይ ስስ ወረቀት ደርበህ ወንዞቹን ብቻ ከተራራ ጀምረህ እንደገና አስምራቸው። የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ሥዕል ብዙም አልችልም፣ ግን የዓለሜን ካርታ በኮምፒውተር መሥራት አልፈልግም። ተራሮቼ የመጋዝ ጥርስ ይመስላሉ፣ ለስም ቦታ ያጥረኛል፣ ቀለሙም በእጄ ይበላሻል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የሚጎድልሽ ቅደም ተከተሉ ነው እንጂ ችሎታው አይደለም። ሁሉንም መጀመሪያ በእርሳስ፣ በጣም ሳትጫኚ። ስሞቹን ከተራሮቹ በፊት ጻፊያቸው፣ ሥዕሉ እነሱን ዞሮ ይሂድ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ስለሌለው ልዩነቱን በሌላ መንገድ ታመጪዋለሽ፤ የመንግሥቱን ስም ፊደሎቹን አራርቀሽ በሰፊው፣ የመንደሩን አነስ አድርገሽ አጠጋግተሽ፣ የወንዙን ደግሞ ዘመም አድርገሽ መታጠፊያውን ተከትለሽ።

ለተራሮቹ ከወረቀቱ ታች ጀምሪ። የፊተኛው መጀመሪያ፣ ከኋላው ያለው መስመሩ ፊተኛው ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ በዚህ ብቻ ጥልቀት ያገኛል። ሁለት እኩል ቁመት ያላቸው ተራሮች ጎን ለጎን አታድርጊ። ከጫፉ ወደ ታች የተጠማዘዘ መስመር አውርጂና በአንድ ጎኑ ብቻ አጥቁሪው፣ በካርታው ሁሉ ያው ጎን ይሁን።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ውሃ የማያስለቅቀው እስክሪብቶ ግዢ፣ ከእጅሽ ሥር ንጹሕ ወረቀት አድርጊ፣ እርሳሱን በላጲስ የምታጠፊው ቀለሙ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው። እኔ ቸኩዬ አንድ ሙሉ የባሕር ዳርቻ አበላሽቻለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ሰሜን የግድ ከላይ መሆን አለበት? ገና ያላሰብኩበትን ቦታስ ምን ልሙላው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። አል ኢድሪሲ የሚባለው የጥንት ካርታ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1154 ለሲሲሊው ንጉሥ ለዳግማዊ ሮጀር ያዘጋጀው የዓለም ካርታ ደቡብን ከላይ ነው ያደረገው። የዓለምህ ሰዎች ፀሐይ የምትወጣበትን ቢያከብሩ ምሥራቅ ከላይ ይሁን፤ አቅጣጫውን የሚያሳይ ምልክት ብቻ አትርሳ።

ባዶውን ደግሞ ባዶ ተወው። ወይም ካርታውን የሠራው ከዓለምህ ሰዎች አንዱ ነው በል፤ ነጋዴ ከሆነ የውሃ ጉድጓዶቹንና ኬላዎቹን አንድ በአንድ ያውቃል፣ ከተራራው ማዶ ያለውን ግን በወሬ ነው የሰማው። ወሬውን እንዳለ ጻፍበት፣ ስህተት ቢሆንም። ተጫዋቾችህ እዚያ ደርሰው እውነቱን ሲያዩ እርሳስ ስጣቸውና ካርታውን ራሳቸው ያርሙት።